ሦስተኛው ረድፍ

ላቲሶ ልብስ ሰፊ ነው፤ ነገር አያምንም ሳይለካ፤
ቢጫ ሜትሩን ካንገቱ ሳያወርድ ወጥቷል ለካ፣
ከሞኖፖል ጀርባ፣ ወደ ሙዘይን ግቢ።
እኔም ሰባተኛ ወሬ፤ ሆዴ ነው ቀድሞኝ ገቢ።

እንቆጠር ቢባል፦ እሱና እኔ፣ ኬብሮን፣ ሶስና፣
ከፍቼ ማግስት ወዲህ የእህቴ የምንታምር ልጆች፣ ኢዮስያስና
ታናሿ ፌቨን፤ ደግሞም በሆዴ ያለው፣
ስሙ ሳይወጣ ወንበር የሚፈለግለት ሰው።
እሁድ እሁድ አማቴ አለች፣ ከይርጋለም ከነቆጮዋ።
“የእቅፍ ልጅ አይቆጠርም” አለ ሙዘይን፣
“አማትም ብትሆን ትጠጋለች ከነሻንጣዋ።”

እስከ ዛሬ በባጃጅ ነበር፣ ከዳቶ አሮጌ ገበያ፤
ሁለቱ ጭኔ ላይ፣ አንዷ መሀል፣ አንዱ ከሾፌሩ ጎን፣
የደንበኛ ዩኒፎርም በማዳበሪያ ታስሮ የእግር ማሳረፊያ።
ሸራው በነፋስ ሲገለጥ ግማሻችን በስብሶ፣
ግማሻችን ደርቆ እንገባለን፤
ሁሌ የሚደርቀው ጨርቁ ነው፣ በላቲሶ
ኮት ተጠቅልሎ።

የመጀመሪያዋ ኤርቲጋ ናት፤ ነጭ፣ ላስቲኳ ገና ያልተላጠ።
ላቲሶ ከኋላ ገባ፣ ሜትሩን ዘረጋ፣ እያላበው ወጣ፣ ተቀመጠ፤
“ስንዝር ከሁለት ጣት። ይህ የሰው ቦታ አይደለም፣ የዘንቢል ነው” አለ።
ኬብሮን ሁለተኛው ላይ፣ ቻርጅ በሚደረገው፣
በራሱ በሚከፈት በር ሲጫወት ዋለ።
“መብራት በጠፋ ቀንስ?” ብዬ ጠየቅሁት ሙዘይንን፤
ታቦር ተራራን ዛሬ ገና እንዳየ ሰው
አሻግሮ አየና ዝም አለን።

ሦስተኛዋ ኖህ ናት። በዕድሜ ከኬብሮን ትበልጣለች፤
በወንበሮቿ ስፌት የማናውቃቸውን ልጆች ብስኩት ይዛለች።
ስሟን ሲሰሙ ልጆቹ ሳቁ፤
“ዝሆኑ የት ይቀመጣል?” አለች ሶስና።

ኬብሮን ሳይጠይቅ መስኮት ያዘ።
ኢዮስያስ ሳይታዘዝ
ወደ ኋላ አለፈ፣ እስከ መጨረሻው ጥግ፣
እህቱን በክንዱ ስቦ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣
ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ፣ በወንበሩ ጠርዝ።
ማንም አላለውም። ማንም አላለውም፣ እላለሁ፣ ግን
ማንስ ሳይለው ቀረ፣ በዝምታ፣
ሳህን ስናቀርብ፣ ፍራሽ ስናነጥፍ፣ ቀን በቀን?

የኖህ መርከብ ሦስት ደርብ ነበራት ይላል መጽሐፉ፤
በታችኛው እነማን እንዳደሩ
ሳይነግሩን አለፉ።

ላቲሶ ጎንበስ ብሎ ገባ። “ጉልበትህ ይነካል?”
“አይነካም።”
ሜትሩ ግን ይነካል አለ። ሜትር ይሉኝታ አያውቅም።

ይኸው ሰው ነው፣ በመስከረም ለልጁ ሱሪ ሲሰፋ፣
ከእግሩ ጫፍ አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፎ ያስቀረ።
“ሲያድግ ይፈታል” አለኝ፤
ለእኔ ግን ጨርቅ ያባከነ ነበር የመሰለኝ።
“ሙዘይን” ሲል ሰማሁት ከጥጉ፣ ድምፁ በወንበር ታፍኖ፣
“ውሉ የስንት ዓመት ነው?”
“የሁለት።”
“እንግዲያ የመሀሉ ወንበር አራት ጣት ወደፊት ይሳብ።
ያድጋል ይሄ ልጅ፣ እኛው ጋ ሆኖ።”

እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከነሆዴ ገባሁ ከኋላ።
ከዚያ የሚታየው ማጅራት ነው፣ የኬብሮን፣ የሶስና፤ ሌላ
ምንም። ሐይቁ እንኳ ተቆራርጦ ነው የሚመጣ፣
በሌሎች ጆሮ መሀል።
ምንታምር፣ ልጅሽ ከዚህ ሆኖ ነው ለካ
ሲያየን የከረመው።

መግባቱስ ይሁን፣ መውጣት አቃተኝ።
ላቲሶ እጄን ይዞ ሳበኝ፣
ሙዘይን በሩን ደገፈ፣
ኢዮስያስ ከኋላ በሁለት እጁ ገፋኝ፣ ገፋኝና
“አክስቴ፣ ተንፍሺ!” ሲል ሳቅ አመለጠው፣ በአፍንጫው፣
አፉን ቢይዘውም።

ውሉ ላይ “የተሳፋሪ ብዛት” የሚል መስመር ነበር።
ላቲሶ “ሰባት” ብሎ ጻፈና፣ ልክ እንደ ሱሪው እግር፣
ከጎኑ ትንሽ ባዶ ቦታ አተረፈ፣
ለማን እንደሆነ ሳይናገር።